ጫፍ የሌለው ቢላ

ሞራጁ ከልብስ መስፊያዬ ጎን ተቀምጦ በፔዳል በሚዞር ድንጋይ ላይ ቢላ መሳል ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ጨዋታ አዋቂ ነው። «የዚህ ሰፈር ምላስ ብቻ ነው እኔ ጋ የማይመጣው፤ እሱ ራሱን ይስላል» ይላል።

ሥጋ ሻጩም ሆነ ባለ ምግብ ቤቷ የሚፈልጉት ስለቱን ነው። ክር ፋብሪካው ተዘግቶ ያን ሁሉ ሰው ሜዳ ላይ ከበተነ ወዲህ ግን «ጫፉን አሹልልኝ» የሚል ደንበኛ በዛ። ሽንኩርት ለመክተፍ ጫፍ ምን ያደርጋል? ቢከለክላቸው ሌላ ጋ ይሄዳሉ። ስለዚህ ብልሃት ዘየደ፤ ዞር ብሎ ጫፉን ያዶለዱመውና በጨርቅ ጠቅልሎ ይሰጣቸዋል። «ከእኔ እጅ የወጣ ቢላ ሆድ አይገባም» አለኝ። ኮራሁበት።

ታናሽ ወንድሙም ከፋብሪካው ተባሮ ስንት ደጅ ጠንቶ የመጋዘን ዘበኛ ሆነ። አንድ ከሰዓት የሚስቱን ቢላ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ጫፉን አውጣልኝ።»

«አንተም?»

«መንገዱን አታየውም እንዴ? መብራት የለ፣ ሰው ሥራ ፈቷል። ባዶ እጄን ልሂድ?»

«ቢላ ጠብ ይጠራል።»

«አንተማ ቤትህ እዚሁ ነው፤ ምን አለብህ።»

ሞራጁ ቢላውን ተቀበለው። እንደ ሌሎቹ አዶልዱሞ፣ ጠቅልሎ ሰጠው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ወንድምየው ሞባይሉን ሊቀማው በመጣ ሰው ተወግቶ ሞተ። ወጊው በአንድ ፈረቃ አምስት ዓመት አብሮት የሠራ ነው። ወጊው ፊቱን ሸፍኖ፣ መንገዱም ጨለማ ስለነበር፣ ወንድምየው እስኪወድቅ ድረስ አልተዋወቁም አሉ። ወይ ጊዜ!

ፖሊስ ጣቢያ አብሬው ሄድኩ። መርማሪው ሁለት ቢላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የገዳዩ በሲሚንቶ ደረጃ ላይ የተፋቀ፣ ጫፉ መርፌ የመሰለ ነው። ሌላውን አንስቶ አገላበጠው።

«ይሄ የሟች ነው። ጫፍ እንኳን የለው! ምን ሊሆነው ያዘው?»

ሞራጁ እጁን ዘርግቶ ራሱ ያዶለዶመውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

ከቀብሩ በኋላ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ፤ ሌላ ምን ሥራ ያውቃል? በሦስተኛው ቀን አንድ የምናውቀው የልጆች አባት፣ ያው ከፋብሪካው የተባረረ፣ ቢላ ዘረጋለት።

«ጋሼ፣ ጫፉን አሹልልኝ። አምሽቼ ነው የምገባው።»

ሞራጁ ቢላውን ተቀብሎ እግሩን ፔዳሉ ላይ አደረገ። ድንጋዩ ግን አልዞረም። ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን ላድርግ?» አለኝ።

ሰውየው ቆሞ ይጠብቃል።