የማይቀልጠው ዘይት

ትናንት የልጄ ሚስት ድስት ውስጥ አንድ ማንኪያ የረጋ ቅባት ጣለች። ጠርዙ መሟሟት ሲጀምር ያ ከባድ፣ የሚያፍን ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ከወንበሬ ተነሳሁ። "ምነው አባባ?" አለችኝ። በሐሳቤ ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ነበርኩ።

በመጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገርህ። ሃይ ማላካል በሚባለው የጁባ ሰፈር ውስጥ የእኔን ምግብ ቤት የማያውቅ ሐበሻ አልነበረም። ወጥ መሥራት ማንም አላስተማረኝም፤ ቀምሼ፣ አበላሽቼ፣ ደግሜ ሠርቼ ነው የቻልኩት። ማንበብን ከጋዜጣ ቁራጭ፣ እንግሊዝኛን ከመድኃኒት ሣጥንና ከሬዲዮ ለቅሜ አወቅኩ። ተማሪ ቤት ዓመታት የቆጠሩ ሾፌሮች ደብዳቤያቸውን ለእኔ ያስነብቡ ነበር። ሰው በየዓይነቱ ያምነኝ ነበር። ፓስፖርታቸውን እኔ ጋ ያስቀምጣሉ፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ ለሽምግልና ይጠሩኛል፤ በጾም ደግሞ "እሱ ቤት ቅቤና ሽሮ አይተያዩም" ይባልልኝ ነበር። እኔም በራሴ አምን ነበር፤ ከሁሉም አብልጬ።

እዚያ ጦርነቱ ቆሞ ሰላም በወረደ በሁለተኛው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም እንደገባ፣ ፈሳሽ ዘይት ከገበያ ጠፋ። ነጭ ዓባይ ዳር ያለው የጀልባ ወደብ ድረስ ወረድኩ። ወዛደሮች ከጀልባ ላይ ትልልቅ ቢጫ ቆርቆሮ ሲያወርዱ ደረስኩ። ቆርቆሮው ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሏል፤ ከሥሩ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል "የምግብ ቅባት" ይላል። ቅጠል ካለበት ከአትክልት ነው ብዬ ቆረጥኩ። ስድስት ቆርቆሮ አሸክሜ ተመለስኩና አንዱን ደንበኞቼ ፊት ከፍ አድርጌ እንግሊዝኛውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። "ያ አገር ቤት የሚረጋው ዘይት ዓይነት ነው" ብዬም አስረዳሁ።

አንድ ቀልደኛ ሾፌር ላቡን እየጠረገ ክዳኑን ከፍቶ አየ። "ጋሼ፣ በዚህ ሙቀት እኔ እንኳ ቀልጬ ማለቄ ነው። ይሄ ምን ቢያኮርፍ ነው የማይቀልጠው?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። "አንተ መሪህን ያዝ፤ ድስቱን ለእኔ ተወው" አልኩት።

እማማም ያን ቀን ነበሩ። ሐበሻው ሁሉ እማማ የሚላቸው፣ አትላባራ ከሚባለው ሰፈር በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየመጡ፣ ጾመው ውለው እኔ ዘንድ የሚመገቡ ሴት ናቸው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ማብሰል ትተዋል። አዲስ አበባ ያለችው አንዲት ልጃቸው ሁለት ጊዜ አስወርዷት ሦስተኛውን አርግዛ ነበር፤ በሰላም እንድትገላገል ሁዳዴን የእንስሳ ነገር በአፋቸው ሳይዞር ሊጾሙ ተስለዋል። "ለምን አይቀልጥም ልጄ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"እማማ፣ አንብቤዋለሁ።"

"እንግዲያስ ጥሩ።"

ስድስት ሳምንት አለፈ። ሆሳዕና ሲቃረብ አንድ ቀን ጋምቤላ ስደተኛ ካምፕ አድጋ አማርኛ የለመደች፣ አሁን አገሯ ደቡብ ሱዳን ተመልሳ የምታስተምር ሴት ሽሮ ልትበላ መጣች። በር ላይ ባዶ ቆርቆሮ ነበር። ምግቡ እስኪቀርብ ጀርባውን አዙራ በጥፍሯ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች።

"ጋሼ፣ እናንተ በጾም የከብት ሞራ ይፈቀድላችኋል እንዴ?" አለችኝ፣ ከልቧ ልታውቅ ፈልጋ።

"ምን አልሽ?"

ጣቷን አሳረፈችበት። ጉንዳን የሚያክሉ ፊደሎች ነበሩ። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሽሮው፣ ምስሩ፣ አልጫው ሁሉ በሞራ! ፊቴን አይታ ነገሩ ገባት። "ማፊ ሙሽኪላ፣ ጋሼ" አለች፣ በጁባ አረብኛ ችግር የለም ማለቷ ነው። "እኔ ለማንም አልናገርም።"

ልዋሽህ አልፈልግም፤ ቆርቆሮዎቹን ልቅበርና ዝም ልበል ብዬ አሰብኩ። ማን ያውቃል? እማማም ስእለታቸውን ፈጸምኩ ብለው ደስ እንዳላቸው ይኖራሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጠዋት በሞራው የሠራሁት ወጥ ቀረበ። ሌላው በላተኛ ወጡን ያገላብጣል፣ ያሸታል፣ "ይሄ ምንድን ነው?" ይላል። እማማ ግን አማተቡና ሳህኑን እንኳ ሳያዩ ቆረሱ። ጉርሻው ወደ አፋቸው ሲቃረብ እጃቸውን ያዝኩ። ሰዉ ሁሉ ደነገጠ፤ እኔም በራሴ እጅ ደነገጥኩ።

"እማማ፣ አይብሉ። የከብት ሞራ አለበት።"

"የዛሬው?"

"ከመጀመሪያው ጀምሮ።"

ጉርሻው ከጣታቸው ወደቀ። "ጠይቄህ ነበር እኮ" አሉ።

"አዎ።"

"እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም። አንተን ነው የማውቀው።"

ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ልቁጠርልህ፤ ሌላ ሰው አይሠራውም ነበር። የቀረውን ሞራ በዚያው ቀን ደፋሁ። የበሉትን ሁሉ በየቤታቸው በእግሬ ዞሬ አንድ በአንድ ነገርኩ፤ አንዱ ሰደበኝ፣ አንዱ አቀፈኝ። ካህኑን ይዤ እማማ ደጅ ሄድኩና "ጾሙ የእርስዎ ነው፤ ጥፋቱ የእሱ ነው" ሲሏቸው ውጭ ቆሜ ሰማሁ። መምህሯን ትንንሹን ፊደል እንድታስነብበኝ ለመንኳት፤ በዕድሜዬ የመጀመሪያዋ አስተማሪዬ እሷ ሆነች። ምግብ ቤቴን ሳልዘጋ አቆየሁ። እማማ ተመልሰው አልበሉበትም።

ልጃቸው በሰላም መውለዷን ከዚያ ቀልደኛ ሾፌር ሰማሁ። ወደ አዲስ አበባ በሚሄዱበት ጠዋት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስዳቸው መኪና መስኮት በኩል፣ ራሴ የቆላሁትን የገብስ ቆሎ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሬ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ። መኪናው እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁ። ቋጠሮውን አልፈቱትም፤ ግን በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር።