ለሠርጉ የተቃናው ሞተር

በቀደም ደብረ ብርሃን አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ አንዲት ወጣት ሞተሯን እየገፋች መጣች። መሪው ትከሻዬን ገደለኝ፣ ወደ ኋላ ሳብልኝ፣ ፍሬኑንም ወደ ጣቴ አቅርብልኝ አለችው ሠራተኛውን። ሰውየው ማን ፈቀደልሽ አላላትም። ኮርቻው ላይ አስቀመጣት፣ እጇን አስዘረጋት፣ ብሎኑን ፈታ፣ ወደ እሷ ሳበ፣ አጠበቀ። በቃ፣ አለቀ። እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ በማየቴ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ያስቆጣችኝ እሷ አይደለችም፤ ያስቆጡኝ ብዙዎቹ ዛሬ አፈር የለበሱ ሰዎች ናቸው።

የዛሬን አያድርገውና ያኔ ዳገቱን እንደ ፍየል ነበር የምወጣው። ከጎረቤላ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ጤና ረዳት ነበርኩ። ሥራዬ የሕፃናት ክትባት ነው፤ የበረዶ ሳጥኑን ጭኖ ከደጋው ጀምሮ እስከ አልዩ አምባ ቆላ ድረስ በየመንደሩ መዞር። ለዚሁ ሥራ አንድ ሞተር ተሰጠኝ። ያኔም አሮጌ ነበር፤ ፈረንጆች ሠርተውበት ሲበቃቸው ትተውት የሄዱት። ዛሬ ቢሆን ሀብታም ሰው ሳሎኑ ውስጥ ለጌጥ የሚያቆመው ዓይነት ነው፤ መብራቱ ክብ፣ ታንኩ እንደ ጠገበ ሆድ የተነፋ፣ ድምፁ ከሸለቆው ማዶ የሚሰማ።

የተሠራው ግን ለእኔ ቁመት አልነበረም። መሪው ሩቅና ሰፊ ስለሆነ ታንኩ ላይ በደረቴ ተኝቼ ነበር የምነዳው። የፍሪሲዮኑን መያዣ የሚነኩት የጣቶቼ ጫፎች ብቻ ናቸው። የእግር ፍሬኑን ለማግኘት የጫማዬን ጫፍ መወጠር ነበረብኝ። ኮርቻው ከፍ ከማለቱ የተነሳ ስቆም እግሬ መሬት አይደርስም፤ ገበያ መሐል ከነሳጥኔ ተጋድሜ የሳቁብኝን ሰዎች ዛሬም ባገኛቸው በመልካቸው እለያቸዋለሁ። ብርዱንማ አታንሱት። በኅዳር ጠዋት፣ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ሲያድር፣ ነፋሱ ጣት አደንዝዞ መርፌ መያዝ ያቅተኝ ነበር።

እንግዲህ ሞተሩ ለእኔ ካልተሠራ ለእኔ አሠራዋለሁ አልኩ። ክንዴንና እግሬን በሲባጎ ለክቼ ደብረ ብርሃን ግዛው የሚባል በያጅ ዘንድ ሄድኩ። ሲባጎውን አገላብጦ አየና፣ "አንቺ ልጅ፣ ሞተር ነው ወይስ ቀሚስ የምታሰፊው?" አለኝ። እያጉረመረመ፣ ሁለት ጊዜም እያበላሸ፣ በመጨረሻ ሠራው። መሪውን ወደ ደረቴ አጎበጠው፤ መያዣዎቹን ወደ ጣቶቼ አቀረባቸው፤ በእግር ፍሬኑ ላይ ብረት በይዶ አስረዘመው። የኮርቻውን ሆድ ቀንሶ ዝቅ አደረገልኝና እኔ ደግሞ ደበሎ አለበስኩት። ለእጀታዎቹ ከአሮጌ ባና ጓንት የመሰለ ኪስ ሰፋሁላቸው፤ እጄን እዚያ ውስጥ ከትቼ እነዳለሁ። የሳጥኑን መጫኛም ወደ ታች አወረድነው፤ ክብደቱ ወደ ኋላ መጎተቱን ተወ።

መልኩ አያምርም። ጎባጣ መሪ፣ ጠጉራም ኮርቻ፣ ቡናማ ጆሮ ያለው ሞተር ሆነ። ምቾቱ ግን ምን ልበላችሁ! ቀጥ ብዬ ተቀምጬ፣ በወገቤ ሳልቃትት፣ የገብሱ ነዶ ሽታ እየመጣብኝ ቁልቁለቱን በቀስታ እወርዳለሁ። እደክማለሁ ብዬ አልፈራም፤ እወድቃለሁ ብዬም አልፈራም። መንደር ዳር ቆሜ በሶዬን በጥብጬ ስጠጣ እናቶች ድምፁን ሰምተው ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ በፊት ክትባት ደርሷቸው የማያውቁ መንደሮች ደረስኩ። በሕይወቴ ያን ያህል የኮራሁበት ዘመን የለም፤ መኩራቴንም አልደብቅም።

ጥምቀት አልፎ የሠርጉ ወር ሲሟሟቅ የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ በላቸው የእህቱን ልጅ ደምሴን ሊድር ሆነ። ደምሴ ሙሽራይቱን በሞተር ካላመጣሁ ብሎ ነበር። አቶ በላቸው ቢፈልግ አዝዞ ሊወስደው ይችላል፤ እሱ ግን ሽማግሌ ላከብኝ። ጋቢ የለበሱ ትልልቅ ሰዎች ደጄ ላይ ቆመው፣ "ለሠርግ ነው ልጄ" ሲሉ ምን ይባላል? በእኛ አገር ለሠርግ የተጠየቀ ድስት ቢሆን፣ በቅሎ ብትሆን፣ ቤትም ቢሆን አይከለከልም። የከለከለ ሰው ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ይነሳል። ቁልፉን በሁለት እጄ ሰጠሁ።

ሰኞ ሚዜዎቹ መለሱት። ታጥቦ ያብረቀርቃል፣ መሪው ላይ ቀይ ጥብጣብ ታስሯል፣ ከኋላው በጨርቅ የተጠቀለለ የሠርግ ድፎ ተጭኗል። ዓይኔ ግን መሪው ላይ ቀረ። ቀጥ ብሏል፤ በእሳት ግሎ፣ በመዶሻ ተቀጥቅጦ፣ እንደ ድሮው ሩቅና ሰፊ ሆኗል። በእግር ፍሬኑ ላይ የተበየደው ብረት በመጋዝ ተቆርጧል። ኮርቻው ጭድ ተጠቅጥቆበት፣ ቀይ ፕላስቲክ ለብሶ፣ ከመጀመሪያውም ከፍ ብሏል። ደበሎዬ የት ሄደ ብላቸው ውሻ ተኝቶበታል አሉኝ። ሙሽራ በጎባጣ ሞተር ሲሄድ አያምርም ብለው፣ የወታደር ጋራዥ ውስጥ ሠርቶ የተመለሰ ዘመዳቸው አቃንቶላቸው ነው። አሁን ሁሉም ቆመው ፊቴን ያያሉ። የሚጠብቁት ምስጋና ነበር።

ያወጣሁትን ቃል እዚህ አልጽፈውም። ድፎውን ከነጨርቁ መለስኩላቸው። እሱ ነው ጉዳዩን የገለበጠው፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሞተሩ ነገር ተረሳና ወሬው ሁሉ ‘የሠርግ ዳቦ የመለሰች’ ሆነ። በሳምንቱ እኔ ተበዳይዋ በዳይ ተብዬ ሽምግልና ተቀመጥኩ። የማከብራቸው የንስሐ አባቴ እንኳን፣ "ልጄ፣ ምን አጠፉ? አሳመሩልሽ እንጂ" አሉኝ። እጄን ዘርግቼ ከመሪው እስከ ደረቴ ያለውን ርቀት ላሳያቸው ሞከርኩ። ሽማግሌዎቹ እጄን አዩት፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ ነገር አታብዢ አሉኝ። አስታራቂ ሲቸኩል እንዲህ ነው። ይቅር ለእግዚአብሔር በይ ተባልኩ፣ አልኩ፤ ጠላው ተቀዳ።

ሥራ ግን ሽማግሌ አይሰማም። የክትባት ቀን ደረሰና እንደገና ታንኩ ላይ ተኝቼ ወደ አልዩ አምባ ወረድኩ። አንድ ጠማማ ቦታ ላይ ከፊቴ አህዮች ገቡ። እግሬ ፍሬኑን ፈለገ፤ የተበየደው ብረት በነበረበት ቦታ ባዶ አየር ረገጠ። ከመንገዱ ወጥቼ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ጉልበቴ ተላጠ፣ ሳጥኑ ተከፈተ፣ በረዶው አፈር ላይ ተበተነ። መድኃኒቱ ፀሐይ ከነካው አይረባም። ከታች ሕፃናት ታቅፈው ይጠብቁኝ የነበሩት እናቶች ያን ቀን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ወደ አቶ በላቸው ሄጄ ግዛው ዘንድ ወስጄ እንደገና ላሠራው ፍቀዱልኝ ብዬ ለመንኩ። አንዴ ግሎ የተቀጠቀጠ ብረት ዳግም ቢጎብጥ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ሌላ መሪ መፈለግ እንዳለበትም አስረዳሁት። ወረቀቱን እያገላበጠ ሰማኝና ቀና አለ።

"አሁን በወጉ ተስተካክሏል" አለ። "የመንግሥት ንብረት ነው፤ ዳግም አይነካም።"

"ለሠርጉ ሲነኩት የመንግሥት አልነበረም እንዴ?" አልኩት።

"ድሮም ለሴት የሚሆን አልነበረም" አለና ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተው።

ሞተሩ ተሾመ ለሚባል ባልደረባዬ ተሰጠ። ክንደ ረጅም ነው፣ ኮርቻው ላይ ሲወጣ ያምርበታል። ቆላ ግን አይወርድም፤ ሞተሩ ጠላ ቤት ደጅ ቆሞ ሲያብረቀርቅ ይውላል። እኔ ሳጥኑን በአህያ አስጭኜ በእግሬ የምደርስበትን ደረስኩ፤ ያልደረስኩባቸው መንደሮች ቀሩ። ቀሩ ማለት ቀላል ነው። በተከታዩ ዓመት ኩፍኝ ገብቶባቸው የነበሩ ቤቶችን አውቃለሁ፤ ማን እንዳለቀሰም አውቃለሁ። ሠርጉ ግን አማረ ተባለ። ዛሬም ድረስ አማረ ይባላል። እኔ ዝውውር ጠይቄ ደብረ ብርሃን ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሞተር ላይ ወጥቼ አላውቅም።

በቀደም ያቺ ወጣት ትኩር ብዬ ሳያት ጊዜ፣ "እትዬ፣ ሞተር ይወዳሉ እንዴ?" አለችኝ። እነዳ ነበር አልኳት። ዓይኗ በራ፤ ለምን እንደተውኩት ጠየቀችኝ።

"ወሰዱብኝ" አልኳት።

"ሰረቁዎት?"

"የለም" አልኳት፤ "አሳምረው መለሱልኝ።"

ግራ ገብቷት አየችኝ፤ ሳቅ ልትል ብላ ፊቴን አይታ ተወችው። ሞተሯን በአንድ ምት አስነስታ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ሁለት እግሯ መሬት እየነካ አስፋልቱ ላይ ወጣች። እኔ ባጃጅ እየጠበቅኩ ቆሜ ቀረሁ። ብረቱ የመንግሥት መሆኑን ያኔም አልካድኩም። ለክንዴ የተለካው ልክ ግን የእኔ ነበር፤ እሱን ማንም ከእኔ አልተዋሰም፣ ማንም አልመለሰልኝም። ብዙ ዓመት አለፈ፣ እድሜ ያበርዳል ይላሉ፣ በዚህ ነገር ግን አላበረደኝም። በሽማግሌዎቹ ፊት ይቅር ያልኩት በአፌ ነው። በልቤ አላልኩም፤ አሁንም አልልም።