አርባ ኩባያ ቀኖና

ሐሙስ ነበር፤ የፍልሰታ ጾም በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ።

ሰሞኑን ፍኖተ ሰላም ላይ አብራኝ የምትሠራ አዲስ ምሩቅ ነርስ «ታካሚዎቹ የምነግራቸውን አይሰሙኝም» ብላ ስትማረር ነው ያ ቀን የመጣብኝ። ልነግራት ፈልጌ እንደ ልማዴ አፈርኩ። መጻፍ ይቀለኛል።

ያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ጤና ጣቢያ ተመድቤ ነበር። ተማሪ ሳለሁ ጥያቄ ሲኖረኝ እንኳ ከጎኔ ለተቀመጠችው ልጅ በጆሮዋ ነግሬ እሷ ነበረች የምትጠይቅልኝ። በዚያ ክረምት ኮሌራ ገባ። በጦርነቱ ምክንያት መንገዱ ከተዘጋ፣ ስልኩም ከጠፋ ሰንብቷል። በክንድ የሚሰጠው ግሉኮስ ማክሰኞ አለቀ። የቀረን በውኃ የሚበጠበጠው ሕይወት አድን ንጥር ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ደህና መድኃኒት ነው፤ የሚጠጣው ሰው ከተገኘ።

የሚጠጣው ጠፋ።

ጤና ጣቢያው ስለጠበበን አጠገቡ ካለው ትምህርት ቤት ክፍል ካስተኛናቸው ታካሚዎች ሁሉ የባሰባቸው እትዬ ደጊቱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ዐይናቸው ጎድጉዷል፤ የእጃቸውን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው እንደተቆነጠጠ ይቀራል። ኩባያውን ባስጠጋሁ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

«ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እጠጣለሁ» አሉኝ፣ በተዘጋ ድምፅ።

«እትዬ፣ ለዘጠኝ ሰዓት አይደርሱም።»

«እንዲያ ከሆነማ ጾሜን እንደያዝሁ ልሂዳ።»

አጠገባቸው የተኙ አዛውንት ደግሞ «አንች ልጅ፣ በፍልሰታ ጧት ስኳር ልታቀምሺን ነው?» እያሉ ያሾፉብኛል።

ቤተ ክርስቲያኑ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነው። እየሮጥኩ ሄጄ «ይፍቱኝ» ብዬ የደብሩን ቄስ፣ አባ እንየውን፣ ለመንኳቸው። ነገሩን ሳልጨርስ ተነሥተው ተከተሉኝ። ታካሚዎቹን በመስቀላቸው ባርከው «በሽተኛ ጾም የለበትም፤ ጠጡ» አሉ። ያሸነፍኩ መሰለኝ። ባልዲውን ይዤ ስዞር ግን የጠጡት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው።

«ምነው አባ፣ ነገሯቸው እኮ።»

«ልጄ፣ እኔ የምፈታው የንስሐ ልጆቼን ነው። አራቱ የእኔ ናቸው። የሌላውን ልጅ እንዴት አድርጌ ልፍታ? ደጊቱ የአባ ስማቸው ናት።»

እኔም እኮ የዚያው አገር ልጅ ነኝ። የእናቴ የነፍስ አባት በዓመት ስንቴ ቤታችን እንደሚመጡ እያወቅሁ አንድ ቄስ ለሁሉ ይበቃል ብዬ ማሰቤ እስካሁን ያስቀኛል።

አባ ስማቸው የሚኖሩት ከወንዝ ማዶ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ ነው። ታካሚዎቹን ለባልደረባዬ አደራ ብዬ ቦት ጫማዬን አጠለቅሁ። ከወደ አስፋልቱ ተኩስ ይሰማል። ፈርቻለሁ፤ ግን ለመናገር ባፍርም ደስ ብሎኝም ነበር። ልቤ ይዘላል፣ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ይረጨኛል፣ በቆሎው ከቁመቴ በላይ ሆኖ ቅጠሉ ፊቴን ይገርፈኛል። ድንች የሚቆፍሩ ሴቶች ቀና ብለው «ማን ሞተ?» አሉኝ። «ገና ማንም» ብዬ አለፍኩ።

አባ ስማቸውን ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ድንች ሲለዩ አገኘኋቸው። አንድ እግራቸው አብጦ መራመድ አይችሉም። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው።

«ነፍስ ከወጣች ማን ሊጾም ነው?» አሉ። ቀጥለው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፈትተዎታል ብትያት አትሰማሽም። ደጊቱን አውቃታለሁ፤ ነገር ሲቀልላት ትጠረጥራለች። ስንት ይበቃታል?»

«እስከ ነገ ጧት ወደ ሠላሳ ኩባያ።»

«አርባ አድርጊው። አርባ ስግደት ለምዳለች። ቀኖና ሰጥተዎታል በያት፤ ኃጢአቱ ማጉደሉ ላይ ነው።»

«እንድታምንሽ» ብለው የዝንብ መከላከያ ጭራቸውን ሰጡኝ።

ስመለስ ሰባት ሰዓት አልፏል። እትዬ ደጊቱ ዐይናቸውን መግለጥ አቅቷቸዋል። ጭራውን ፊታቸው ላይ ይዤ፣ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማኝ ጮክ ብዬ «አባ ስማቸው ቀኖና ሰጥተዎታል፤ አርባ ኩባያ» አልኩ።

ዐይናቸውን በግድ ገልጠው ጭራውን ብዙ አዩት። «አርባ?»

«አርባ።»

«ጨካኝ ናቸው» አሉና አፋቸውን ከፈት አደረጉ።

የመጀመሪያውን አስመለሳቸው። ጥቂት ቆይቼ በማንኪያ ጀመርኩ። «ያችኛዋ አትቆጠርም» አሉኝ፣ ትንሽ ትንፋሽ ሲያገኙ። ሌሎቹ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ጠጡ፤ እሳቸው ግን ከዚያ በፊት ስድስት ኩባያ አድርሰው ነበር። ኩባያውን በጨረሱ ቁጥር ጣታቸውን ያጥፋሉ፤ እንዳላታልላቸው ይጠብቁኛል።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ቆም አሉና «ደግፊኝ፣ ሽንቴ መጣ» አሉኝ። በሰው ሽንት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ተመልሰው እንደተኙ የቀሯቸውን ሁለት ኩባያ ጠየቁ።

የቀሩት ግን ሲነጋ እንደገና ጾማቸውን ያዙ። የታካሚዎች መዝገቡን ከፈትኩና፣ ከስም፣ ከዕድሜና ከቀበሌ ቀጥሎ በማስመሪያ ቁልቁል አንድ መስመር አሰመርኩ፤ ከላዩ ላይ «የነፍስ አባት» ብዬ ጻፍኩበት። ዛሬም ከዲግሪዬ ይልቅ ያ መስመር ያኮራኛል። በየፍራሹ እየዞርኩ፣ ሳላፍር፣ ሁሉንም ጠየቅሁ። የሦስት ቄሶች ስም ወጣ። ያልደረቀ ቦቴን አጥልቄ ከሁሉ ወደሚርቁት ሄድኩ።