ከጎተራ ካዛንቺስ፦ ልጆች የሚያነቡት መጽሐፍ ፍለጋ

ሦስት ሰዓት፣ ጎተራ

ቅዳሜ ጠዋት ከኮንዶሚኒየማችን የወጣሁት አምስት መጽሐፍ ፍለጋ ነው። አማርኛ አስተምራለሁ። ዋና መምህራችን ለቤተ መጻሕፍቱ አዲስ የወጡ፣ ለሕፃናትና ለወጣቶች የሚመከሩ መጻሕፍት መርጬ፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ የሚያስተምረውን ቁም ነገር ጽፌ ሰኞ እንዳቀርብ አዘውኛል።

አብራኝ ያለችው የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ሂሊና ናት። የአማርኛ መጽሐፍ ከነካች ሁለት ዓመት አልፏታል። ተማሪዎቼ ከእጄ ነጥቀው ያነባሉ፤ የራሴ ልጅ ግን መጽሐፍ ይዤ ስመጣ ክፍሏን ትዘጋለች። የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ሆኜ ቀረሁ። ዛሬ ያመጣኋት አንዱን እንኳ ወድዳ ብትይዝልኝ ብዬ ነው። ይህን አልነገርኳትም፤ የነገርኳት ፒዛ እንደምንበላ ነው።

አራት ሰዓት፣ ኦሎምፒያ

የታክሲው ረዳት ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሰው እያስገባ «ጠጋ በሉ፣ ቅርብ ነው» ይላል። ቅርቡ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ካፌ ገብተን ማኪያቶና ጁስ እንዳዘዝን አንድ መጽሐፍ አዟሪ ቁልሉን ከሆዱ እስከ አገጩ ታቅፎ መጣ።

«ለልጆች ምን አዲስ አለህ?» አልኩት።

«የልጆች ከታች ነው እናት፣ ብዙም ጠያቂ የለውም» አለና ቁልሉን ጠረጴዛችን ላይ አሳረፈው።

ሂሊና ሦስቱን አነሳች። የእያንዳንዱን የመጨረሻ ገጽ ገልጣ አየችና መልሳ አስቀመጠች። ከአንድ ደቂቃ በላይ አልፈጀባትም።

«መጽሐፍ ከመጨረሻው ይነበባል እንዴ?»

«በቃ አየሁት እኮ ማሚ፤ ቦሪንግ ነው።»

እኔ ግን እህል ስለምታጠራቅም ጉንዳን የሚተርከውን በሃያ አምስት ብር ገዛሁ። ማስታወሻዬ ላይ «ታታሪነትን ያስተምራል» ብዬ ጻፍኩ።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ባምቢስ

የመኪናውን ጭስ እየማግን በእግራችን ወጣን። የመጽሐፍ መደብሩ ባለቤት መጽሐፎቿን በሙሉ በላስቲክ ጠቅልላቸዋለች፤ ልጆች ያቆሽሹብኛል ትላለች፤ ሳይገዙ መግለጥ የለም። ስለዚህ በሽፋናቸው መረጥኩ። አንዱ ወላጅን ስለ መታዘዝ ነው፣ ሌላው ስለ ሐቀኝነት። ሂሊና ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን ትነካካ ነበር፤ መጽሐፎቹን ሳሳያት ቀና ብላም አላየች። ፒዛውን ግን ጥርግ አድርጋ በላች።

ስምንት ሰዓት፣ ካዛንቺስ

በቆርቆሮ በታጠረ ፍርስራሽ መካከል የተረፈች አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ጋሽ ተክሉ የሚባሉ ሽማግሌ መጽሐፍ በሳምንት ሁለት ብር ያከራዩባታል፤ ባልደረባዬ ናት የጠቆመችኝ።

«ጋሼ፣ ከአዲሶቹ ለልጆች የቱን ይመክሩኛል?»

«እኔ አልመክርም። እጃቸውን ነው የማየው» አሉና ሁለት መጽሐፍ አወረዱ። «ይሄ ንጹሕ ነው አይደል? ወላጅ ተከራይቶ ሳይገለጥ የተመለሰ ነው። ይሄኛው እስከ አርባኛው ገጽ ቆሽሿል፣ ከዚያ ወዲያ ነጭ። እዚያ ጋ ሰለቻቸው።»

የጉንዳኗን መጽሐፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋቸው። መደርደሪያቸው ላይ ያለውን አምሳያውን በጣታቸው አመለከቱኝ፤ እንደ ሙሽራ ነጭ ነው።

በዚህ ጊዜ ሂሊና ከበሩ ላይ ተናገረች። «የእኛ ቤት መጽሐፍ ሁሉ ንጹሕ ነው።»

«እናትሽ አታስነካሽም?» አሏት።

«ታስነካኛለች። ግን መጨረሻው ላይ አሥር ጥያቄ ትጽፍበታለች። ሳነብ፣ ማለቴ፣ ፈተናው ነው የሚታየኝ። የጠዋቶቹ ላይ ደግሞ ደራሲዎቹ ራሳቸው ጥያቄ ጽፈውባቸዋል።»

አፈርኩ። በሃያ ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንዲያ አፍሬ አላውቅም። እነዚያን ጥያቄዎች ማታ ማታ ቁጭ ብዬ የማወጣላት እኔ፣ እየጠቀምኳት ነበር የሚመስለኝ።

ጋሽ ተክሉ ጠርዙ የጠቆረ መጽሐፍ ሰጧት። ዘንድሮ የወጣ ነው። ሦስት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ የኮንዶሚኒየማቸውን ውሃ ማን እንደሚዘጋ ይከታተላሉ። ሂሊና እንደ ልማዷ ወደ መጨረሻው ገለጠች። የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ወልቀዋል፤ ጥያቄ ቀርቶ መጨረሻውም የለም።

«እንዴት ነው የሚያልቀው?» አለቻቸው።

«እኔ እንጃ። የሚመልስልኝ ልጅ ሁሉ የየራሱን ይነግረኛል።»

ሁለት ብሩን ከራሷ ኪስ አውጥታ ከፈለች።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ጎተራ

ታክሲው ውስጥ አንገቷን ደፍታ ስታነብ መውረጃችን ደረሰ፤ እጅጌዋን ስቤ አስወረድኳት። ደረጃውንም የወጣችው እያነበበች ነው።

እሑድ ከምሳ በኋላ መጽሐፉን ይዛ መጣች። «ማሚ፣ ውሃውን የሚዘጋው ማን ይመስልሻል?»

«አላነበብኩትማ።»

«እንግዲያው አንብቢ፤ ከዚያ ትነግሪኛለሽ።»

ቀይ እስክሪብቶዬን ሳልይዝ ተቀመጥኩ። አመሻሽ ላይ ጨርሼ «ዘበኛው ነው» አልኳት።

ሳቀች። «ዘበኛው? እሱ እኮ አንዱ ቅዳሜ ውሃው ሲዘጋ ለቅሶ ሄዷል፤ ገጽ ሰባ ላይ አለ። በደንብ አላነበብሽም።»

ከዚያ የራሷን መጨረሻ እየሠራች፣ እያፈረሰች ነገረችኝ። እራት እስኪቀርብ ተከራከርን። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን አላሳየኋትም፤ ነገሩን እንዳላበላሸው ፈራሁ።

ሰኞ ለዋና መምህራችን ያቀረብኩት ወረቀት ላይ ያለው የአንድ መጽሐፍ ስም ብቻ ነው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«አምስት ነበር ያልነው። ደግሞስ ይሄ ቁም ነገሩ ምንድን ነው?»

«እሱን ገና አላወቅነውም» አልኳቸው። «ልጄ ግን አንብባዋለች።»