ያለ አፈር የበቀለችው

አራት ሆነን ቆመናል፤ የቤቱ ባለቤት የሆኑት አሮጊት ካፖርታቸውን እንደለበሱ በሩ ላይ፣ ልጄ ልታስተረጉም አጠገባቸው፣ የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ እህት ምድጃው ፊት፣ እኔ መስኮቱ ጋ። ሲያትል ከተማ፣ ቢከን ሂል በሚባለው ሰፈር፣ ሴትዮዋ ፎቁን ይዘው፣ እኛ ምድር ቤቱን ተከራይተን የምንኖርበት ጊዜ ነው። የብርዱን ወራት እህታቸው ዘንድ ሊያሳልፉ ሲነሱ አንዲት ተክል በሁለት እጃቸው ይዘው ወረዱ። ቅጠሎቿ እንደ እሬት ወፍራም ናቸው፤ ግን አጫጭር ሆነው እንደ ጽጌረዳ ተደራርበዋል። ሟቹ ባላቸው ከተከሏቸው ሁሉ የቀረችው እሷ ብቻ እንደሆነች ልጄ ነገረችኝ። ውሃ የምትጠጣው አፈሯ ፈጽሞ ሲደርቅ ነው። እስኪመለሱ ልጠብቅላቸው ተቀበልኳቸው።

የባለቤቴ እህት፣ እትዬ የምላቸው፣ ከሚኖሩበት ከቡሪየን በመጡ ቁጥር ተክሏን አይተው ያዝናሉ።

«ምነው ይቺን ልጅ በውሃ ጥም ፈጀሻት?»

«እትዬ፣ ውሃ አታብዢባት ተብያለሁ።»

«ዝናብም ውሃ ሆኖ ነው? ዝናብ የእግዜር ነው!»

አገር ቤት ዝናብ ሲጥል የቤት አበባ ሁሉ ደጅ ይወጣል፤ ዝናብ ሲመታው ያምርበታል። እዚያ ግን ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ትወጣለች። ጉንፋን ጥሎኝ በተኛሁበት ሳምንት እትዬ ሊያስታምሙኝ መጥተው ተክሏን ደረጃው ላይ አወጧት። የሲያትል ዝናብ አላባራም። ስነሳ ግንዷ እንደ ተቀቀለ ድንች ላልቷል፤ ቅጠሎቿ ሲነኩ ይረግፋሉ።

እትዬ ሲያዩአት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ልጄ ከሥራ ገብታ አየችና፣ «ኦኬ እማዬ፣ ሱቅ ሄጄ እሷን የምትመስል እገዛለሁ። ሴትዮዋ አያውቁም» አለች።

«ባላቸው የተከሏት ይቺ ናት» አልኳት።

ከረገፉት ውስጥ ሦስቱ ቅጠሎች አልላሉም ነበርና መጣል አልሆነልኝም። ስኒ ማስቀመጫ ላይ አድርጌ መስኮቱ ጋ ተውኳቸው። አፈር አልሰጠኋቸውም፤ ውሃም እንዲሁ። ሁለቱ ጠቆሩ። አንደኛዋ ግን ከግንዱ ከተላቀቀችበት ጫፍ እንደ ክር የቀጠነ ሥር አወጣች። ቀጥሎም የምስር ፍሬ የምታህል ጽጌረዳ ብቅ አለች። መነጽሬን አድርጌ ጠጋ አልኩ፤ ቁርጥ ያችኑ የሞተችውን ናት፣ ቅጠሎቿ በተራ የተደራረቡ። ልጆች ወልጃለሁ፣ ጓሮም አልምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አይቼ አላውቅም።

እትዬን ጠርቼ አሳየኋቸው። ቤተ ክርስቲያን የገቡ ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማርያምን! ምን ጠጥታ ነው?»

«ቅጠሏን።»

እውነትም ትንሿ ስትፋፋ ትልቋ ቅጠል እየሳሳች፣ እየተጨማደደች ሄደች። ጠዋት ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ ሄጄ አጠገቧ እቆም ነበር።

ሴትዮዋ በተመለሱ ማግስት ልጄን አስከትዬ ፎቅ ወጣሁ። ዝናቡንም፣ የግንዷን መበስበስም ሳላስቀር አስነገርኩ። ሴትዮዋ ፊታቸው ጠቆረ። ያኔ ስኒ ማስቀመጫውን አቀበልኳቸው። ወደ ብርሃኑ አስጠግተው ቅጠል በቅጠል አዩአት።

«የእሱ ናት?» አሉ በመጨረሻ።

«ከእሷው ቅጠል ናት» አልኩ በራሴ እንግሊዝኛ።

የተጨማደደችውን ቅጠል ላነሳላቸው እጄን ስሰድ ያዙኝ።

«ተያት፤ ትንሿ ገና ትፈልጋታለች።»

እጄን መለስኩ። እጅ ነስቼ ወጣሁ።