በካርቱም ተርማጅ ላይ «ኖር!» ማለት

ሰው የሚሰደደው ጨለማን ተገን አድርጎ ነው ሲባል እሰማ ነበር። እኔ ግን ከሸዋ ሮቢት የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በጭነት መኪና ላይ፣ የማሽላ ጆንያ ተደግፌ ነው። ያየኝ ሁሉ ገበያ የምሄድ መስሎት «ደምሴ፣ ጨው እንዳትረሳ!» እያለ ሸኘኝ። የእኔ መሄድ የተቆረጠው በዋዜማው ነው።

በዚያ ቀን አባቴ አቶ ተሰማ በሮቢ ወንዝ ዳር ያለውን፣ እኔ መንጥሬ ያቀናሁትን ማሳ ለታላቅ ወንድሜ ሰጠው። አመሻሹ ላይ ከውጭ ሲገባ ቤተሰቡ በሙሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» አለው። እኔ አልተነሣሁም። እንደ ወትሮው «በእግዜር፣ ተቀመጡ» ሊል አፉን ከፈተና አየኝ። ዱላውን እንደያዘ ቆሞ ጠበቀኝ። አገራችንን ታውቃላችሁ፤ አባቱ ሲገባ ያልተነሣ ልጅ በጥፊ ከመታው አይለይም። እናቴ «ኧረ በማርያም፣ ተነሥ!» አለችኝ። ሳልነሣ ቀረሁ። እሱም ሳይቀመጥ ተመልሶ ወጣ። በነጋታው እኔ ሄድኩ።

ከደሴ ጎንደር፣ ከጎንደር መተማ፣ ከመተማ ገዳሪፍ። የይለፍ ወረቀት ያልነበረን ሁለት ሰዎች ነበርን፤ እኔና አንድ የማጀቴ ሰው። እሱን ወባ ከመተማ ማዶ በሦስት ቀን ጨረሰው። በእጄ ቀበርኩት። ይህን ያነሣሁት በኋላ ጣጣ ስላመጣብኝ ነው።

ካርቱም በባቡር ገባሁ። የእኛን አገር ሙቀት ስናማርር የኖርን ሰዎች እግዜር ይቅር ይበለን፤ ሸዋ ሮቢት ለካ ደጋ ኖሯል! ኪስራ የሚሉት ምግባቸው እንደኛው ከማሽላ ነው የሚጋገረው፤ ግን እንጀራ ታሞ የከሳ ይመስላል። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት ተርማጅ የሚሉትን የከተማ ባቡር ነው። ረጅም ቤት በሐዲድ ላይ ይመጣል። የሚጎትተው እንስሳ የለ፣ ጭስ የለ፤ በአናቱ ላይ ባለ ዘንግ ሽቦውን እየነካ ይነጉዳል። ሽቦው ብልጭ ሲል ክው ብዬ አማተብኩ።

ተገፍቼ ገባሁና መቀመጫ አገኘሁ። ውስጡ ከውጭው ባሰ። ዱላ የያዘ ሽማግሌ ቆሟል፤ ጎረምሶቹ ተቀምጠው ሱፍ ይፈለፍላሉ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ብድግ ብዬ «ኖር!» አልኩ። ሽማግሌው አፍጥጦ አየኝና ተቀመጠ። ቀጥሎ ሌላ ቦታ ተለቀቀልኝ፤ ገና ሳልደላደል ሌላ ሽማግሌ ተሳፈረ። «ኖር!» ከተማዋን የሚከፍለው ወንዝ ድልድይ ላይ እስክንደርስ አራት ጊዜ ተነሣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዱላ የያዘ ሰው ሁሉ አባቴን ይመስለኝ ነበር።

ቲኬት ቆራጩ መጣ። ኮምሳሪ ይሉታል። በሺር የሚባል ሸበቶ ሰው ነው፤ ሁሉም «አም በሺር» ይለዋል፣ ጋሼ በሺር እንደማለት።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነህ ነው ‹ኑር፣ ኑር› የምትለው? ፀሐይ አናትህ ላይ እያለች መብራት ትፈልጋለህ?» አለኝ።

አማርኛ የሚያውቅ አንድ ተሳፋሪ ተረጎመልኝ፤ ኑር ለካ በአረብኛ ብርሃን ነው! ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ቀን ወዲያ ስሜ ኑር ሆኖ ቀረ።

አም በሺር ግን ደግ ሰው ነው። ከሐዲዱ ላይ አሸዋ የመጥረግ ሥራ አስገባኝ። ጥላ ሥር ስናርፍ የተርማጁን ታሪክ ያወራኝ ነበር። «በአባቴ ጊዜ በእሳት ነበር የሚሄደው፣ እየጨሰ። ድልድይ ስላልነበረ መንገደኛው ወንዙን በጀልባ ነበር የሚሻገረው። ድልድዩ ሲሠራ ኤሌክትሪኩ መጣ። ያኔ የእኛም ሰው ጂን የሚጎትተው መስሎት ሸሽቷል፤ አትፈር» ይለኛል።

የመኖሪያ ወረቀት ሳወጣም ምስክሬ እሱ ነበር። ጸሐፊው ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«ስም?»

«ደምሴ።»

«ምን? ምን?»

አም በሺር ሊረዳኝ ብሎ «ኑር በለው፤ ከተማው የሚያውቀው በዚሁ ነው» አለ።

«የአባት ስም?»

«ተሰማ።»

«ምን ማለት ነው?»

ሞኝነቴ፣ ተረጎምኩለት! ጸሐፊው «መስማት... ሰሚ... አብደልሰሚዕ» ብሎ ጻፈ።

«ጌታዬ፣ አባቴ እኮ አልተጠየቀም» አልኩት።

«እዚህ የሌለ ሰው አይጠየቅም» አለና ማኅተሙን አሳረፈበት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

በሁለተኛው ዓመት ገበያ ውስጥ ከሸዋ ሮቢት ጎረቤት ከጀውሃ የመጣ አንድ ሾፌር አየኝ። የያዘው ብርጭቆ ከእጁ ወደቀ።

«ደምሴ? አንተ እኮ ሞተሃል!»

ያ ምስኪን የማጀቴ ሰው! ከመተማ የተመለሱ ነጋዴዎች የሞተው እኔ ነኝ ብለው አውርተዋል። «አባትህ ለቅሶ ተቀምጠዋል፤ ‹ልጄን ተቀመጥ ሳልለው ሄደብኝ› እያሉ ነው ያለቀሱት» አለኝ። ሾፌሩ ወደ አገር የሚመለስ አልነበረም። ደብዳቤ ብልክ ከመሞቱ በፊት የጻፈው ነው ይላሉ። አባቴ ድምፄን መስማት ነበረበት።

በዚያው ሰሞን ተርማጁ ሊቀር ነው፣ በአውቶቡስ ሊተካ ነው ተባለ። ዕድሜ ልኩን በዚያ ላይ የቆመው አም በሺር እስከ መጨረሻው ቲኬቱን መቁረጡን ቀጠለ። የመጨረሻው ቀን ጉዞ ሲያበቃ የቲኬት ቦርሳውን አስረከበና ወደ እኔ መጣ፤ የለቅሶዬን ወሬ ነግሬው ነበር። «ስምህን የወሰድኩብህ እኔ ነኝ፤ ና» ብሎ ወደ ስልክ ቤት ወሰደኝ።

የስልክ ቤቱ ሰው ያመነው ወረቀቴን ነው። ኑር አብደልሰሚዕ፣ ሸዋ ሮቢት አቶ ተሰማን ይፈልጋል ብሎ ቀጠሮ አስያዘ። በቀጠሮው ቀን መስመሩ በአዲስ አበባ በኩል እየተንሿሿ ተገናኘ። የሸዋ ሮቢቷ ስልከኛ ድምፅ መጣ።

«አቶ ተሰማ እዚህ ናቸው፤ ግን ኑር የሚባል ሰው አላውቅም እያሉ ነው። ልጃቸው ሞቶባቸው አዝነዋል፣ ባታስቸግራቸው።»

«እትዬ፣ በሞቴ፣ ደምሴ ነኝ! ስልኩን ብቻ ስጪያቸው!»

ደምሴ ማለቴን ትስማ አትስማ እንጃ። የዱላ ኳኳታ ሰማሁ። ከዚያ የአባቴ ሳል። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ሳላስበው ብድግ አልኩ።

«ኖር!» ብዬ ጮኽኩ።

«በእግዜር» አለ አባቴ፤ ለገባበት ቤት ሁሉ እንደሚለው።

ትንፋሹ ይሰማኛል። ድምፄን ይለየው አይለየው ሳላውቅ፣ ተቀመጥ ሳይለኝ መስመሩ ተቆረጠ።