በመጫኛ የታሰረ ክንድ

ሲይዙኝ መንዝ፣ ዘመሮ ከተማ፣ ሱቄ በራፍ ላይ ተቀምጬ የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ። «ለታጣቂ ልብስ ሰፍተሃል» አሉኝ። ጨርቅ ይዞ የመጣ ሁሉ ደንበኛዬ ነው፤ ለብሶት የት እንደሚሄድ እኔ ምን አውቄ! ይህንኑ ብላቸው ምላስህ ረዘመ ተባልኩ። ካቴና አልያዙም ነበር። አንዱ ሚሊሺያ ከመጡበት ፒካፕ መኪና ላይ አህያ የሚጫንበትን የቆዳ መጫኛ አንስቶ፣ እጆቼን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ሁለቱን ክርኖቼን አንድ ላይ አሰረኝ። ክረምት ነው፤ መጫኛው በዝናብ ርሶ ይንጠባጠባል።

መንገድ ላይ ጭቃ ያዘን። መኪናው ሲጎተት፣ ሲገፋ ፀሐይ ወጣች፤ ያቺ ከዝናብ በኋላ የምትወጣው ክፉ ፀሐይ። እርጥብ ቆዳ ደግሞ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ቀስ እያለ ክንዴን ይበላው ጀመር። «ኧረ በማርያም፣ ፍቱልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ማንም ዞር አላለም። እስር ቤቱ ደርሰን ሲፈቱኝ እጆቼ የኔ አልመሰሉኝም።

ከሌሎች እስረኞች ጋር ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው ገብስ ገብስ ይሸታል። የክንዴ እብጠት ጎደለ። የቀኝ እጄ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቴ ግን ደንዝዘው ቀሩ። የመንዝ ብርድ ነው ብዬ ተውኩት። ውሎ ሲያድር ጣቶቹ ይታጠፉ ጀመር።

አንድ ጠዋት የከሰል ምድጃ ከበን ሻይ እስኪፈላ እንጠብቃለን። የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኛው አለቃ የነበሩት ሽማግሌ ገበሬ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉና፣

«ኧረ ሥጋ ይሸታል! በፍልሰታ ማነው ሥጋ የሚጠብስ?» አሉ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ዓይናቸው እጄ ላይ አረፈ።

«ልጄ፣ እጅህን አንሳ! አንሳት!»

ትንሿ ጣቴ የምድጃው ጠርዝ ላይ ተጋድማ እየተጠበሰች ነበር። ምንም አልተሰማኝም። አይቼ ነው ያነሳኋት። ክው አልኩ! በራሴ ጣት ነው ለካ የሳቅሁት። መቀስ የማይይዝ ልብስ ሰፊ ምኑን ልብስ ሰፊ ነው? ልጆቼን በምን አበላለሁ? ይህን እያሰብኩ ደርቄ ቀረሁ። ሽማግሌው ግን ተነስተው በሩን በቡጢ ይደበድቡት ጀመር።

«እናንተ! ሰው ከነነፍሱ እየተቃጠለ ነው! እግዜርን አትፈሩም?»

ስንት ቀን እንደዚያ ከጮሁ በኋላ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ወሰዱኝ። አጃቢ ሆኖ የመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ ያሰረኝ ሚሊሺያ።

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። ጣቶቼን በመርፌ ነካ ነካ አድርጋ ክርኔን ከውስጥ በኩል ዳሰሰች።

«ክርን ሲመታ የሚነዝረን ነርቭ በዚህ ነው የሚያልፈው። ተጨፍልቋል። በቀዶ ሕክምና ካላላቀቅነው ጣቶችዎ እንደታጠፉ ይቀራሉ፤ መርፌም መቀስም አይዙም።»

«ጣቶችዎ» አለችኝ! ከተያዝኩ ወዲህ አንቱ ያለኝ ሰው አልነበረም። እንባዬ መጣ።

«ምን አግኝቶዎት ነው?»

ሚሊሺያው ጠብመንጃውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ወደቅሁ ልል አፌን ስከፍት፣

«እኔ ነኝ ያሰርኩት» አለ። «በመጫኛ።»

ዶክተሯ መርፌዋን እንደያዘች ወደ እሱ ዞረች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል ነው የማውቀው። የወጋው ራሱ ቆሞ ሲናገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

ክንዴን አደንዝዘው፣ ጨርቅ ጋርደውብኝ ክርኔን ከፈቱት። የመቀስ ድምፅ ይሰማኛል። ዕድሜዬን መቀስ ስይዝ የኖርኩት ሰውዬ ላብ አጠመቀኝ።

«ደርሰንበታል» አለች ዶክተሯ ከጨርቁ ማዶ። «ነርቩ ታንቆ ነበር፤ ለቀነዋል። ስሜቱ ቀስ እያለ ነው የሚመለሰው፤ ሁሉም ላይመለስ ይችላል።»

አልጋ ላይ ስተኛ ደህናውን ግራ እጄን ከአልጋው ብረት ጋር በካቴና አሰሩት። ሚሊሺያው እግሬ ሥር ተቀመጠ። አላስቻለኝም።

«እርጥብ መጫኛ ሲደርቅ እንደሚያጠብቅ አታውቅም?»

«የገበሬ ልጅ አይደለሁ? አውቃለሁ። ለዚያ ብዬ አላልቼ ነበር ያሰርኩህ። ጭቃው እንደዚያ ያቆየናል አላልኩም።»

«ስጮህስ?»

አንገቱን ደፋ። «ሰምቻለሁ። አለቃዬ ከፊት ነበር።»

ይኸ ከመጫኛው ይልቅ አመመኝ። እስከዚያ ቀን የመኪናው ድምፅ ጩኸቴን ውጦት ነው እያልኩ እጽናና ነበር።

ጠብመንጃውን መሬት ላይ አስቀምጦ እግሬ ላይ ተደፋ።

«ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ።»

እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሰው እግርህ ላይ ሲወድቅ ሌላ ምን ይባላል? ግራ እጄን ልዘረጋለት ስል ካቴናው ያዘኝ።

«ተነስ» አልኩት። «እኔ ታስሬ፣ አንተ መሣሪያ ይዘህ እርቅ የለም። ስፈታ እንደ አገራችን ወግ ሽማግሌ ይዘህ ቤቴ ና።»

ተነስቶ ጠብመንጃውን አነሳ።

አሁን ተፈትቼ ወደ ስፌቴ ተመልሻለሁ። መቀስ እይዛለሁ፣ ክር አስገባለሁ፤ ተመስገን። የትንሿ ጣቴ ስሜት ግን ዛሬም ግማሽ ነው፤ ካውያ ባነሳሁ ቁጥር ባለቤቴ ከጓዳ «ጣትህን!» ብላ ትጮህብኛለች።

ያ ሰው ገበያ ላይ ካገኘኝ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ይለኛል። ሽማግሌ ግን እስካሁን አልላከም። አለቆቹን ፈርቶ ይሁን እኔን፣ እንጃ። ጩኸቴን ሰምቶ ዝም ያለ ሰው ነው። ነገ ሽማግሌ ይዞ ደጄ ቢቆም ግን እምቢ እንደማልለው አውቃለሁ። እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ይኸ ነው።